ማንም ያልለካው ስልሳ ሳንቲ ሜትር

መምህርቷ የተማሪ ሥራ ስታይ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ወረቀቱን ገልብጣ መያዝ ነው። ቀለሙና ጥላው እንዳያታልላት ነው ይላሉ። ገልብጣ ትይዝና መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ «ይሄ ክፍል ለማን ነው?» ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ስድብ ነው። በውስጥ ዲዛይን ክፍል ሁለት ዓመት ተምሮ በእሷ ምላስ ያልተላጠ የለም፤ የግንበኛውን ልጅ ግን ለይታ ይዛታለች።

«የግንበኛው ልጅ» የሚለውን ስም ያወጣችላትም እሷው ናት። ልጅቱ የመጀመሪያው ቀን ራሷን ስታስተዋውቅ አባቷ ግንበኛ፣ አጎቷ አናጢ መሆናቸውን በኩራት ተናገረች። ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በኋላ። መምህርቷ «እንግዲያው ስለ ግድግዳ እኔ አላስተምርሽም» አለች፤ ክፍሉ ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ተጣብቆ ቀረ።

የመጀመሪያ ሥራዋ የዘበኛ ቤት ነበር። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል፣ አንድ ሰው የሚውልበት። ልጅቱ ሳምንት ሙሉ ጎንበስ ብላ ሳለች። ትልቅ መስኮት አወጣችለት፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሰጠችው፣ ጥግ ላይ አበባ ተከለችለት፣ ግድግዳውን የሰማይ ቀለም ቀባችው። ወረቀቱ ላይ ያለው ዘበኛ ከሚጠብቀው ባለ ሀብት የበለጠ ተመቻችቶ ነበር። መምህርቷ ገልብጣ አየችው።

«መስኮቱ ወዴት ነው የሚያሳየው?»

«ወደ አትክልቱ።»

«የግቢው በርስ?»

ልጅቱ ወረቀቱን አየችው፣ ጣሪያውን አየችው። «ከጀርባው ነው።»

«ጎሽ። ሌባው በበሩ ሲገባ ዘበኛሽ አበባ ያሸታል ማለት ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቱ ወረቀቷን ጠቅልላ ወጣች፤ መንገዱን ሙሉ ሴትዮዋን ስትራገም ሄደች። ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ ሴትዮዋ ልክ መሆኗ ነበር። ያንን ሥራ ወደቀች።

ሁለተኛው የፀጉር አስተካካይ ቤት ነበር። በዚህኛው እልህ ያዛት። ሰፈራቸው ባለ አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ጥግ ይዛ ሦስት ቀን ተቀመጠች። ባለ ፀጉር ቤቱ መጀመሪያ ሰላይ መስላው በጎሪጥ ሲያያት ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ረሳት። በቀን ስንት ጊዜ ጎንበስ እንደሚል ቆጠረች። ማበጠሪያ ሲፈልግ ፊቱን ሳያዞር እጁን ወዴት እንደሚሰድ፣ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በመስታወቱ ውስጥ የሚላጨውን ሰው አፍጥጠው ሲያዩት ሰውዬው እንዴት እንደሚሸማቀቅ ጻፈች። ከዚያ አግዳሚ ወንበሩን ከመስታወቱ ፊት አነሳችው፤ የዕቃ መደርደሪያውን በክርኑ ልክ ሰቀለችው። ቀለም አልቀባችም፤ አበባም አልተከለችም።

መምህርቷ ይህንን ገልብጣም አቃንታም አየችው። «እዚህ ውስጥ ቢያንስ ሰው አለ» አለች። ልጅቱ ልቧ ሊወጣ ደረሰ። «አንቺ ግን የለሽም። ባለ ፀጉር ቤቱ ያደረገውን ነው የጻፍሽው፤ ጸሐፊ አደረግሽው ራስሽን።» ለማለፍ ብቻ የምትበቃ ውጤት ሰጥታ አሰናበተቻት። ከእጅ አይሻል ዶማ።

የቀረው የመጨረሻው ሥራ ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ አንድ ጊዜ የወደቀ ተማሪ የመጨረሻውን ከወደቀ ይሰናበታል። የዘበኛው ቤት ልጅቱ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ደግሞ ውጤት ብቻ አልነበረም የተያዘው። ሌላ ከተማ ያለ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ካለፈች ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል፤ ካለፈች ከዚያ ቤት ትወጣለች። ከዚያ ቤት ለመውጣት ደግሞ ጥርሷን ነክሳ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ጠብቃለች።

የቤቱ ነገር እንዲህ ነው። ቤቱ የአያቷ ነበር። አባቷና ታናሽ ወንድሙ እዚያው ተወልደው፣ አንዱ ሲገነባ ሌላው በርና መስኮት ሲገጥም ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ቤት የሳሎን በር ሊያቆሙ ቢሉ መቃኑ ከተተወለት ክፍተት አራት ሳንቲ ሜትር ሰፍቶ ተገኘ። ባለቤቱ፣ ሚስቱና ጎረቤቱ ቆመው እያዩ መቃኑ አልገባም አለ። አባቷ «አስፍተህ ሠራህ» አለ። አጎቷ «አጥብበህ ገነባህ» አለ። ልኩን ማን ለማን እንደነገረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሰው ፊት ተዋርደው፣ ተሰዳድበው፣ በየፊናቸው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ እሳትና ጭድ ሆኑ።

አያቷ ስትሞት ቤቱን ሊያካፍላቸው የደፈረ አልነበረም። ራሳቸው የአያቷን ቁምሳጥን ሳሎኑ መሐል ገተሩት፤ ከግራና ከቀኙ፣ ከእሱም በላይ እስከ ጣሪያው ጣውላ መቱበት፤ አንዱ የፊቱን በር፣ ሌላው የጓሮውን በር ይዞ ቀረ። ጎረቤት መጀመሪያ «ተዉዋቸው፣ ካልደፈረሰ አይጠራም» ይል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ደፍርሶ ሲቀር ጎረቤትም ሰለቸው።

ደግሞ ዝም አይሉም። በቀጥታ አይነጋገሩ እንጂ ጣሪያውን እያዩ ይሰዳደባሉ። አባቷ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «አንዳንዱ ሰው ሜትር ማንበብ ሳይማር ይሸብታል» ይላል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከወዲያ በኩል አጎቷ መላጊያውን አቁሞ «አንዳንዱ ሰው ደግሞ ያጣመመውን ግድግዳ በልስን ይደብቃል» ይላል። ልጅቱ እንግዲህ በዚህ መሐል ነው የቤት ሥራ ሠርታ ያደገችው። እናቷ ቀድማ ሞታለች፤ ይህን ሁሉ አለማየቷ ዕድለኛ ያሰኛታል።

ለመጨረሻው ሥራ የሚፈለገው እውነተኛ ክፍል፣ እውነተኛ ነዋሪ፣ ተሠርቶ የሚታይ ነው። ሌሎቹ የዘመድ ሱቅና የጓደኛ ቢሮ አገኙ። ለእሷ ክፍሉን የሚያስነካት አልተገኘም፤ ስለዚህ የራሷን ሳሎን መረጠች። የአባቷን በኩል ለካች፤ አራት ሜትር ከአሥር። የአጎቷን በኩል መለካት አትችልም። አባቷ «የዚያን ሰውዬ ደጃፍ ብትረግጪ እግርሽን ነው የምቆርጠው» ብሏታል። የአጎቷን ሚስት ቧንቧው ጋ ጠብቃ ለመነቻት።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ከበሩ ግድግዳ እስከ ቁምሳጥኑ ጀርባ ለኪልኝ።»

«ሰውዬው ቢያየኝስ?»

«መጋረጃ ልሰፋ ነው በይው።»

በማግስቱ ከባልዲው እጀታ ጋር የተጣጠፈች ወረቀት ተቀበለች። ሦስት ሜትር ከሠላሳ። ልጅቱ ሁለቱን ደመረች፤ ሰባት ሜትር ከአርባ ሆነ። በዚህ ልክ ሳለች። ቁምሳጥኑን አወጣችው። ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ከፈተችው፤ መሐሉ ላይ ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ ረጅም ጠረጴዛ አኖረች፤ ከሁለቱም በር ብርሃን ጠረጴዛው ላይ እንዲገናኝ አደረገች። ስትጨርስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሲቀመጡ ታይቷት ነበር፣ ሁለቱም።

መምህርቷ ሥዕሉን ገለበጠችው። ብዙ አየችው። ከዚያ እርሳስ አወጣች።

«ቤቱ ከውጭ ስንት ነው?»

«ስምንት ከአርባ።»

«ሁለቱ የዳር ግድግዳዎች?»

«ሃያ ሃያ።»

«ስለዚህ ውስጡ ስምንት ሜትር ነው። አንቺ ሰባት ከአርባ ነው የጻፍሽው። ስልሳ ሳንቲ ሜትሩን ማን በላው?»

ልጅቱ ደነገጠች። ደመረች፣ ቀነሰች፣ እንደገና ደመረች። ከዚያ ፊቷ ቀላ። ቁምሳጥኑ! የቁምሳጥኑን ውፍረት ማንም አልለካውም። አባቷ በኩል ያለው እስከ ቁምሳጥኑ በር ድረስ ነው፤ አጎቷ በኩል ያለው እስከ ጀርባው ነው፤ ቁምሳጥኑ ራሱ በዓለም ላይ የለም። አንድ ሰው ሁለቱንም ክፍል ቢረግጥ ኖሮ የማይሠራው ስህተት ነበር። ይህንን ለክፍሉ ማስረዳት ነበረባት፤ ስታስረዳ ደግሞ የቤቷ ገመና አብሮ ወጣ።

«ጥሩ» አለች መምህርቷ። «ሁለቱ ሰዎች ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ማን ነው የሚበላው?»

«ምናልባት… ክፍሉ ሲከፈት ሊታረቁ ይችላሉ።»

«የሽምግልና ትምህርት ክፍል የለንም። ከዘበኛው ጊዜ ጀምሮ የምትስይው የምትመኚውን ሰው ነው፤ ያለውን ሰው ትፈሪዋለሽ። ሦስት ሳምንት አለሽ። ስልሳ ሳንቲ ሜትርሽንም ፈልገሽ አምጪ።»

ልጅቱ ቤት ደረሰች። ቦርሳዋን ወርውራ ለአባቷ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። አባቷ ታልፊያለሽ ወይስ ትወድቂያለሽ ብሎ አልጠየቀም። የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስልሳ ሳንቲ? ያ የኔ ነው። ቁምሳጥኑ የሚከፈተው በኔ በኩል ነው።»

ከወዲያ በኩል የመላጊያው ድምፅ ቆመ። «የቆመው በማን መሬት ላይ ነው?» አለ አጎቷ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለጣሪያው ሲናገር የኖረ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወንድሙ ተናገረ።

«በእናቴ መሬት!»

«እናትህ እኔንም ወልዳኛለች!»

«ተሳስታ ነው!»

ቁምሳጥኑን ከሁለት ወገን ይደበድቡት ጀመር። ውስጡ የተንጠለጠሉት ማንጠልጠያዎች ተንጫጩ፤ የጣውላው አቧራ በልጅቱ ራስ ላይ ወረደ። ትምህርቷ ሊቀር ነው፣ ሥራዋ ሊቀር ነው፣ እነሱ ግን የማንም ላልሆነ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ቁምሳጥን ይቦቅሳሉ። ልጅቱ ሁለቱንም ጠላቻቸው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰዓት ጣሪያው ቢወርድባቸው አንድ ጠብታ እንባ የሚወጣት አይመስለኝም።

«ቆይ!» ብላ ጮኸች። «መለየት ነው የምትፈልጉት? እኔ እለያችኋለሁ!»

ወረቀት አወጣችና ሳለች። ስልሳውን ሳንቲ ሜትር ከሦስት ከፈለችው። ሃያ አምስቱ በአባቷ በኩል በብሎኬትና በልስን የሚሠራ፣ ግድግዳ ውስጥ የገባ መደርደሪያ። ሃያ አምስቱ በአጎቷ በኩል በእንጨት የሚሠራ መደርደሪያ። መሐሉ አሥር ሳንቲ ሜትር፣ የማንም ያልሆነ፣ ከላይ እስከ ታች ጥጥ የተጠቀጠቀበት፤ ድምፅ እንዳያልፍ። አባቷ የሥራ ጃኬቱን ተቀምጦ አውልቆ ዘወትር በቀኝ የሚወረውር ሰው ስለሆነ የጃኬቱን ቦታ በቀኝ አደረገችው። አጎቷ መሣሪያውን ሲፈልግ ሁልጊዜ ሲነጫነጭ ትሰማዋለች፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ በእጁ ቁመት የየራሱ ማስገቢያ አወጣችለት። ሁለቱን ሰዎች በፍቅር ስታያቸው ያልታዩዋት ነገሮች በጥላቻ ስታያቸው ታዩዋት። ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ የሚሠራውን የሚያውቅ ሆነ።

ሥዕሉን ለሁለቱም ላከችላቸው፣ አንዱን በእጇ፣ አንዱን በአጎቷ ሚስት። ሁለቱም ተስማሙ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተስማሙበት ብቸኛ ነገር ነበር።

ቁምሳጥኑ የፈረሰ ቀን ሁለቱ ወንድማማቾች ተያዩ። አጎቷ ከፊት ተመልጧል፤ የአባቷ ጀርባ ጎብጧል። ለአንድ አፍታ ሁለቱም አፋቸው ተከፈተ። ልጅቱ ሲባጎዋን እንደያዘች ሁለቱን አየቻቸው።

«ንገሪው» አለ አባቷ ለልጁ፣ ዓይኑን ከአጎቷ ላይ ሳያነሳ። «ፊቱን ያዙር።»

«እሱ ያዙር በይው» አለ አጎቷ።

ዓይን ለዓይን ሳይገናኙ አራት ቀን ሠሩ። ልጅቱ ሲባጎ ትወጥራለች፣ ቱንቢ ትጥላለች፣ የአንዱን ጥያቄ ለአንዱ ታደርሳለች። አንዱ ሌላውን በስህተት ሊይዝ ስለቋመጠ እያንዳንዱ ረድፍ አሥር ጊዜ ይለካል። ግን በሰው ቤት በር ላይ በአራት ሳንቲ ሜትር የተፋረሱት እጆች እዚህ በአንዲት ሚሊ ሜትር አልተሳሳቱም። አባቷ ውሃ ልኩን አስቀምጦ አረፋዋ መሐል ላይ ስትቆም ቅር አለው፤ እንከን መፈለጉ ነበር። አጎቷም እንዲሁ።

ግድግዳው ደረት ደረሰ፤ አንገት ደረሰ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ የአጎቷ ሜትር ከእጁ አምልጦ ወደ አባቷ በኩል ወደቀ። አባቷ አነሳው። ልጅቱ አሁን የሆነ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች፤ ስድብም ቢሆን ለራሱ ለወንድሙ የሚል ነገር። አባቷ ሜትሩን ጠቅልሎ ግንቡ ጫፍ ላይ አስቀመጠው፤ ከወዲያ በኩል እጅ መጥቶ ወሰደው። ከዚያ ክፍተቱ ተደፈነ።

መምህርቷ ከሁለት ሌሎች መምህራን ጋር መጣች። በአባቷ በኩል መደርደሪያውን በእጇ ዳሰሰች፣ ጃኬቱን አየችው፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አንዱን መምህር እንዲጮህ እዚያው ትታ ዞራ በጓሮ ገባችና «ጩህ ብያለሁ እኮ!» ብላ ራሷ ጮኸች። ያ መምህር ከወዲያ በኩል ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ እየጮኸ ነበር። አንድም ድምፅ አልመጣም።

«አሁን ክፍሉ ለማን እንደሆነ አወቅሽ» አለቻት ልጅቱን፣ ስትወጣ። ልጅቱ ምስጋና መስሏት ፈገግ አለች። «እኔ ግን አልኖርበትም» አለች መምህርቷ፣ መነጽሯን እያወለቀች።

ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተለጠፈ። የግንበኛው ልጅ ከክፍሉ አንደኛ። ፋብሪካውም ሰኞ እንድትመጣ ደብዳቤ ላከ። ልጅቱ መንገዱን በሩጫ ጨርሳ ሳሎን ስትገባ አባቷ ወንበሩን ግድግዳው ሥር አስጠግቶ፣ ጆሮውን ልስኑ ላይ ለጥፎ አገኘችው።

«አባዬ!»

«ዝም በይ።»

«ውጤት…»

«ዝም በይ አልኩሽ! ከሁለት ሳምንት በላይ ሆነው። ምንም አይሰማም።»

«እንዳይሰማ ነው የተሠራው እኮ።»

«እሱማ እኔ ነኝ የሠራሁት!» አለ ተቆጥቶ። «ትናንት ስሰድበው ዋልኩ። ውሃ ወቀጣ ነው። ይናደድ አይናደድ በምን አውቃለሁ? ምናልባት ወድቆ ይሆናል። ሂጂና እይው።»

«እግርሽን እቆርጣለሁ አላልክም?»

«ሂጂ!»

ልጅቱ ጓሮውን ዞራ በሩን መታች። አጎቷ ወዲያው ከፈተ፤ በሩ ሥር ቆሞ ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል። እንዴት ዋልሽ አላለም።

«ሞተ?» አላት።

«ማን፣ ጋሼ?»

«ያ ሰውዬ ነዋ። ድምፁ ጠፋ። እንቅልፍ አጣሁ።»

ሚስቱ ከኋላው ሆና አንገቷን ነቀነቀች። ልጅቱ ተመለሰች። አባቷ ከወንበሩ ተነስቶ በሩ ላይ ደርሷል። «ምን አለ?»

«ሞተ ወይ አለኝ።»

የአባቷ ፊት በራ። ግድግዳው ካለቀ ወዲህ እንዲህ ሲበራ አይታው አታውቅም። «ሞተ ወይ? እኔን? እሱን ሳልቀብር አልሞትም በይው! ሂጂ ንገሪው! መልሱንም አምጪልኝ!»

ሄደች። አጎቷ ስድቡን ሰምቶ ጭኑን እየመታ ሳቀና የባሰ ስድብ ሰጣት። አመጣችው። አባቷ ሌላ ሰጣት። በሦስተኛው ዙር ጓሮው መሐል ላይ ቆመች። ምን እንደሠራች ያን ጊዜ ገባት። እነዚህ ሰዎች የቀራቸው ወንድምነት በቁምሳጥኑ ስንጥቅ የሚያልፈው ስድብ ብቻ ነበር፤ እሷ ደግሞ አንዲት ቀዳዳ ሳታስቀር ደፍናው አንደኛ ወጣችበት። አሁን ቀዳዳዋ ራሷ ልትሆን ነው። ያ የድሮ ንዴቷ ተነሳ፤ አጎቷ ጋ ሳትደርስ ወደ አባቷ ተመለሰች።

«ምን አለ?» አለ አባቷ፣ ዓይኑ እያበራ።

«አልሄድኩም። አባዬ፣ አልፌያለሁ። አንደኛ ወጥቻለሁ። ሰኞ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።»

«ጎሽ» አለ አባቷ። ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ወደ እሷ ዞረ። «ታዲያ ማን ሊነግርልኝ ነው?»

«መዶሻ አለህ።»

«ይህን የመሰለ ግድግዳ?»

«አንተ ነህ የሠራኸው። የት ላይ እንደሚሳሳ ታውቃለህ።»

ወደ ክፍሏ ገብታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። አባቷ ግድግዳው ፊት ቆሞ ቀረ። ቅዳሜ አለፈ፣ እሑድ አለፈ። ሰኞ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ከግቢው እስክትወጣ ድረስ፣ ከየትኛውም በኩል መዶሻ ሲመታ አልሰማችም።